በእኔ እጅ ዳቦ የሆነው ደቦ

ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄ ሲምቦ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ስልኬን አነሳችና፣ «አኮ፣ የትምህርት ቤታችን ዜና ወጥቷል፤ ላንብብልሽ» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አባቷ የአርጆ ልጅ ስለሆነ እኛ ቤት ሁለቱም ቋንቋ ይነገራል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀጥላል። ዜናው ብዙ ነው። አራተኛ ክፍሎች በኳስ አምስተኛ ክፍሎችን አሸንፈዋል፤ የተበላሸው ቧንቧ ተጠግኗል፤ አንዲት ሰማያዊ ሹራብ ወድቃ ስለተገኘች ባለቤቷ ምልክት ተናግራ ትውሰድ። መጨረሻው ላይ፣ ከጊዳ አያና በኩል ቤታቸውን ጥለው መጥተው አሁን አብረዋቸው ለሚማሩ ልጆች ተማሪዎች ደብተር፣ እስክሪብቶና ልብስ እያሰባሰቡ ስለሆነ ወላጆች እንዲተባበሩ ይላል። አንብባ ስትጨርስ፣ እናንተ ተማሪ በነበራችሁ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነበር አልኳት። እንድቀጥል ጠብቃ ነበር፤ እኔ ግን የጣድኩት ወጥ ነበረኝና ተነሳሁ። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። መጻፍ ይሻለኛል።

ያኔ ነቀምቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የምትዳረስ ከተማ ነበረች። ዛሬ ባጃጆች ተደርድረው ሰው የሚጠሩበት፣ ስልክ የሚጠገንበትና ጭማቂ የሚሸጥበት ማዕዘን የጋሽ ኑሪ ሱቅ ነበር። ጋሽ ኑሪ ከጉራጌ አገር ገና በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ቤት የሠሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ከመርፌ እስከ ማጭድ፣ ከላምባ እስከ ተርጋል ጨርቅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይገኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር መኪናውን የሚዘረጋው በእሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ፊት ለፊት ዳቦ ቤቱ አለ፤ ትንሿ ዳቦ አምስት ሳንቲም፣ ትልቋ አሥር ነበረች፣ በስሙኒ የገዛ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር የሚሄደው። የሱቁ ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ አባቴ የመኪናውን መርገጫ በዜማው ልክ ይረግጥ ነበር። ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል፤ ደንበኞቹ በቀስታ ዘፈን የተሰፋ ሱሪ ይበረታል እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከልባቸው ያምኑት ነበር መሰለኝ ሬዲዮኑን ሰምተው ነው ጨርቅ የሚያመጡት። ዘመኑ የማን ነበር ብትሉኝ፣ አንዱ ሊሄድ ሌላው ሊመጣ ሲል ይመስለኛል። እኛ ልጆች የምናውቀው ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ወርዶ ቦታው ነጭ ሆኖ መቆየቱን ነው።

አባቴና እናቴ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ቤታችን የሚነገረውም የጎጃም አማርኛ ነበር። ኦሮምኛ ከሠፈር ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄዋለሁ፤ እሰማለሁ፣ ግን ሰው ፊት አልናገረውም ነበር። ለምን ብትሉኝ ያኔ አፍራለሁ እል ነበር፤ ኩራትም እንደነበረበት ያወቅሁት ኋላ ነው። ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ነበር። አብዛኞቹ የክፍል ልጆች ሁለት ጊዜ ነበር የሚማሩት፣ መጀመሪያ ቋንቋውን፣ ከዚያ ትምህርቱን። እኔ ግን የማየው በድርሰት አንደኛ መውጣቴን ብቻ ነበር።

የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያችን መምህር ዋቅጅራ ይባሉ ነበር። እዚሁ አካባቢ የተወለዱ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር የሚመሩ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ግራጫ ኮት ይለብሳሉ፤ ክርኑን አባቴ ሁለት ጊዜ ጥፎላቸዋል። ዓርብ ዓርብ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ የትምህርት ቤት ዜና እንዲነበብ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ፤ አንባቢዋም እኔ ነበርኩ። ማን ታሞ እንደቀረ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ቤት ሐዘን እንደገባ አነባለሁ። መምህር ዋቅጅራ «ዜና ሰምቶ የተቀመጠ ሰው አልሰማም» ይሉ ስለነበር ከዜናው ቀጥሎ ሁልጊዜ መዋጮ አለ። ለታመመ ልጅ ቁራጭ ሳሙና፣ ቤቱ ለተቃጠለ ልጅ አንዳንድ እፍኝ ሽሮ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የሚሰጠው ቢያጣ የታላቅ ወንድሙን ኮፍያ አመጣ፤ ወንድምየው ሰኞ መጥቶ ከተቀባዩ ራስ ላይ አወለቀው። መምህሩ አማርኛቸው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የአገራቸው ቃና ስለነበረው ጠብቆ የሚነገረውን ያላሉታል፣ አጭሩን ያስረዝሙታል። ልጆች ከኋላቸው አነጋገራቸውን ይቀዳሉ። ከሁሉ አስመስዬ የምቀዳቸው እኔ ነበርኩ።

ደሚቱ ከአንድ ወንበር ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ናት። በዲጋ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጉዛ ነበር የምትመጣው፤ ሸራ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከበሩ ስትደርስ ታደርገዋለች። ጭቃ እንዳይነካው ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ማለቂያ ላይ አባቷ ቀፎ ሊሰቅሉ የወጡበት ዛፍ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አስሮ እስከ ጥምቀት አትነሳም አላቸው። ጤፋቸው ደግሞ ደርሶ ተጋድሟል፤ ዝናብ ከነካው መሬት ላይ ይበቅላል። ጎረቤት ሁሉ በየራሱ አጨዳ ላይ ነው። እናቲቱ ታናናሾቹን ይዛ ብቻዋን የትም አትደርስም። ይህን የሰሙት የደሚቱ አክስት ከአርጆ መልእክት ልከው፣ ጤፉ ከጠፋ ቤቱ ይህን ሁሉ አፍ አይችልም፣ ትልቋን ልጅ እኔ ወስጄ አኖራታለሁ አሉ። እሑድ ሊወስዷት ቀጠሮ ያዙ። አክስት ቤት መኖር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ውኃ መቅዳትና ልጅ ማዘል ነው፤ ትምህርት አልነበረበትም። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ለመፈተን ደግሞ ሰባት ወር ቀርቶን ነበር።

መምህር ዋቅጅራ ረቡዕ ዕለት ለወላጆች የሚላክ ወረቀት በእጃቸው አርቅቀው ሰጡኝ። የእጅ ጽሑፌ ያማረ ስለነበር ስቴንስል ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ በማባዣው ይባዛል። እሳቸው በማግሥቱ ለስብሰባ ወደ ጊምቢ ይሄዳሉ፣ ዓርብ ማታ ነው የሚመለሱት። ረቂቁ አጭር ነው፤ «ቅዳሜ ጠዋት ለተማሪ ደሚቱ ቤተሰብ ደቦ ስለምንወጣ፣ ወላጆች ተገኝታችሁ እንድትተባበሩን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ስለ ማጭድ አልጻፉም። ሰርግ የጠራ ሰው ልብስ ለብሳችሁ ኑ እንደማይል ሁሉ፣ ደቦ የጠራም ማጭድ ያዙ አይልም።

ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን የሚያነሳበትን ነገር እኛ ቤት ወንፈል ነበር የምንለው። ደቦ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር። ያወቅሁ የመሰለኝ መምህሩን ነው። ዳቦ ሊሉ ፈልገው እንደ ልማዳቸው ያበላሹት መሰለኝ። ስለዚህ አረምኩላቸው። ደቦን ዳቦ አደረግሁት። «ዳቦ ስለምንወጣ» ደግሞ ትርጉም አልሰጥ ሲለኝ «ዳቦ ስለምናዋጣ» አልኩት። ደሚቱ ከትከሻዬ በላይ ሆና ታይ ነበር።

«ዳቦ አይደለም፤ ደቦ ነው» አለችኝ።

«ደቦ የሚባል ነገር የለም።»

«አለ። ሰው ተሰብስቦ የሚሠራው።»

«በኦሮምኛ ይሆናል። ይሄ አማርኛ ነው» አልኳት። ቀጥዬም፣ «ከእኔና ከአንቺ አማርኛ የሚያውቀው ማነው?» አልኩ።

ከትከሻዬ ዞር ብላ ደብተሮቿን ሰበሰበች። ስለ ራሷ ቤት እርዳታ መከራከር አሳፍሯት ይሆናል፤ ወይም ስድስት ዓመት ሙሉ አማርኛዋን ስትታረም የኖረች ልጅ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብላ ይሆናል። ጠይቄያት አላውቅም። ደቦ ትክክለኛ አማርኛ እንደሆነና ሸዋም ሌላውም አገር እንደሚለው የተረዳሁት ኋላ ነው፤ መምህሩ የጻፉት በሁለቱም ቋንቋ ትክክል ነበር። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አይተው መልካም ሐሳብ ነው አሉና ማኅተም መቱበት። ዓርብ ዜናውን ራሴ አነበብኩት። ከሐሙስ ጀምሮ ደሚቱ ቀርታ ነበር።

ቅዳሜ ሰማዩ ለኅዳር የማይገባ ደመና ይዞ ነጋ። ከዳቦ ቤቱ ፊት የተሰበሰበው ሰው ሠላሳ ይሆናል። ሴቶቹ ያጠቡትን ነጠላ ለብሰዋል፤ ወንዶቹ ተርጋል ሱሪና ኮት አድርገዋል፤ አባቴም ለሌላ ሰው የሰፋውን ኮት የሚለብስ ይመስል እየተጠነቀቀ በዓመት አንዴ የሚያወጣውን የራሱን ኮት ለብሶ ነበር። እናቴ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ደፍታ በአገልግል ይዛለች። ጋሽ ኑሪ አንድ ጆንያ ዳቦ ገዝተው በጋሪ ጭነዋል። ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ሱቁን ዘግቶ አብሮን ወጣ፤ እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም አለ። መንገድ ላይ የሚያገኙን ገበሬዎች ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው የማን ሰርግ ነው እያሉ ይጠይቁናል። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። ከፊት ከፊት ነበር የምሄደው።

ስንደርስ መምህር ዋቅጅራ ቀድመውን መጥተዋል። ኮታቸውን አጥር ላይ ሰቅለው፣ የሸሚዝ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ አንድ ማጭድ ይዘው ቆመዋል። የደሚቱ አባት ደጃፍ ባለው መደብ ላይ ተጋድመዋል። አክስቲቱም ከቀጠሮው ቀድመው ዓርብ ገብተው ኖሮ አጠገባቸው ቆመዋል፤ አዴ ድንቄ ይባላሉ፣ አዴ እመት እንደ ማለት ነው፤ ቁመታቸው ከመምህሩ የማያንስ ሴት ናቸው። ሰዉ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደራችሁ እያለ በተራ እየቀረበ ዳቦውን ከደጃፉ ያስቀምጥ ጀመር። አገልግል በአገልግል ላይ ሆነ። ጆንያው ሲወርድ መምህሩ ማጭዳቸውን ዝቅ አደረጉት።

አዴ ድንቄ በኦሮምኛ፣ «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

አዴ ድንቄ እንደ ቆሙ፣ ወንድሜ አልሞተም አሉ። ዳቦ ተይዞ የሚመጣው ወይ ሐዘን ቤት ነው፣ ወይ ለማኝ ቤት ነው፤ እኛ የቱ ነን? ማሳው ሞልቶ እየታየ ሰው ዳቦ ይመጸወታል? የደሚቱ አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኚያ ሰው ሲዞሩ እስካሁን ይታየኛል።

መምህር ዋቅጅራ ከአባቴ እጅ ወረቀቱን ተቀበሉና አነበቡ። ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩበት። ከዚያ ቀና ብለው በሰዉ መሐል ፈልገው አዩኝ። የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሰዉ ዞረው፣ ደቦ ለማለት ፈልጌ ነው፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ አማርኛዬ ነው አሉ። ከከተማ የመጣው ሰው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ለኔ እንዲህ ያለ ስህተት በየሳምንቱ ይሁንልኝ ሲል ይበልጥ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አዴ ድንቄ አልሳቁም። «አንድ ቃል አስተካክሎ መጻፍ ያልቻለ አስተማሪ ልጅቷን ምን ሊያስተምራት ነው?» አሉ። ወደ ደሚቱ ዞረውም፣ «ልብስሽን ያዢ። እሑድን አንጠብቅም፤ መኪናው ሳያልፈን እንሂድ» አሏት።

ደሚቱ ገብታ ጥቅሏን ይዛ ወጣች። ሸራ ጫማዋ ከላይ ታስሯል። እኔን አላየችኝም፤ ብታየኝ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። መምህሩ እንደማይናገሩ አውቄያለሁ። እሷም እንደማትናገር አውቄያለሁ። ከእኔ በቀር ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አነቱ ዶጎጎሬ» አልኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። በሰው ፊት የተናገርኩት የመጀመሪያ ኦሮምኛዬ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መምህሩ በትክክል ጽፈው ነበር፣ እኔ ነኝ የለወጥኩት አልኩ፤ እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፣ ግማሹ አማርኛ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የመጣነው ለደቦ ነው ማለት ፈለግሁና «ዳቦፍ ዱፍኔ» አልኩ። አሁንም ድምፁን አስረዘምኩት። ከአፌ የወጣው የመጣነው ለዳቦ ነው የሚል ሆነ።

መጀመሪያ የሳቁት መደብ ላይ የተኙት አባት ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አዴ ድንቄ ከንፈራቸውን ሊይዙት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

«ይህን ሁሉ ዳቦ ተሸክማችሁ መጥታችሁ፣ ደግሞ ዳቦ አምጡ ልትሉን ነው?» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ደቦ በይ» አሉኝ።

«ዳቦ።»

«አጭር ነው፤ አትጎትቺው። ደቦ።»

ሦስተኛው ላይ ሆነልኝ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት፣ ሠላሳ ሰው እያየ፣ አንዲት ፊደል አስጠኑኝ። አዴ ድንቄ ከእኔ ዞር ብለው መምህሩን ተመለከቱ፤ ለምን የሰው ጥፋት ይሸከማሉ አሏቸው።

«ተማሪዬ ናት» አሉ መምህር ዋቅጅራ።

አዴ ድንቄ ወደ ሰዉ ዞረው ማጭድ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ከመምህሩና ከቤቱ ሁለት ማጭዶች በቀር አልነበረም። ጋሽ ኑሪ ጋሪያቸውን አዙረው፣ ሱቄ ውስጥ አለ፣ እስክመለስ ኮታችሁን አውልቁ ብለው ሄዱ። አዴ ድንቄም ደሚቱን፣ ጤፉ ዛሬ ከተከመረ ሚኒስትሪውን እስክትፈተኚ እዚሁ ትቆያለሽ፣ ካልተከመረ ግን እንዳልኩት ነው አሏት። ጥቅሉን ከእጇ ወስደው ከአጥሩ ላይ ከመምህሩ ኮት አጠገብ ሰቀሉት፤ ወደ ቤት ግን አላስገቡትም።

ተርጋል ሱሪ ለአጨዳ አይሆንም፤ ጉልበቱ ላይ ይይዛል። አባቴ ሁለት የተቀደዱ ሱሪዎችን እዚያው አይቶ እነዚህን ሰኞ እኔ ነኝ የምጥፋቸው አለ። እሱ ራሱ ግን የጎጃም ገበሬ ልጅ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጎንበስ ካለ ቀና አይልም። ጋሽ ኑሪ በሣር የተጠቀለሉ አዳዲስ ማጭዶች ይዘው ሲመለሱ ሰዉ በአንድ መስመር ገባ። አጨዳ የማያውቁት ነዶ አሰሩ፣ ተሸከሙ። ማሳው ዳር ላይ ቁጭ ብለን ያን ዳቦ በላነው፤ አዴ ድንቄ እያደሉ፣ ማን ምን ያህል እንዳጨደ እያዩ ነበር የሚሰጡት። ዳቦ ጋጋሪው የራሱን ዳቦ ግማሽ ብቻ ተሰጠው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክምሩ ቆመ። ዝናቡ ሰኞ መጣ።

ደሚቱ ያን ዓመት ተፈተነች፣ አለፈች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ እሷ አስተማሪ ሆነች፣ ዲጋ ውስጥ ብዙ ዓመት አስተማረች፣ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ገበያ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጆቻችንና ስለ ጉልበታችን ሕመም እናወራለን። መምህር ዋቅጅራ ካረፉ ቆይተዋል። ሐዘናቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ያን ጊዜም ስለ ወረቀቱ አላነሳንም።

ያን ቀን ግን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማጭዱ እምቢ ብሎኝ ከመስመሩ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። የጤፉን አንገት እየቆረጥኩ ሥሩን እተወዋለሁ። ደሚቱ የራሷን ጨርሳ ተመለሰችና ከጎኔ ገባች። ከረቡዕ ጀምሮ አላነጋገረችኝም ነበር። እጄን ይዛ ወደ ታች አወረደችው። አንድ ጭብጥ አጨደች፣ ሌላም አጨደች፤ ቀና ሳትል በአማርኛ፦

«እግርሽን አርቂ» አለችኝ። «ትቆረጫለሽ።»

እግሬን አራቅሁ። እስከ ማሳው ጫፍ አብረን አጨድን።